የድሮ 486 ማዘርቦርድ ላይ ፓወር ሰፕላይ መሰካት፤ ፒ8 በየት፣ ፒ9 በየት?

የአራዳው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ አራት ኪሎ አካባቢ የጽሕፈት ሥራ ቤት ነበረው። ማመልከቻ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ይተይብ ነበር። ያኔ የሚሠራበት 486 ኮምፒውተር ቁም ሳጥን ላይ ስንት ዓመት አቧራ ጠጣ። ሃርድ ዲስኩ ውስጥ የጻፋቸው ነገሮች አሉ፤ ላወጣለት ቃል ገብቻለሁ። የራሱ ፓወር ሰፕላይ፣ መብራቱን ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ተቃጥሏል። መርካቶ ዞሬ ዞሬ አንድ ያገለገለ የኤቲ (የዚያን ዘመን ዓይነት) ፓወር ሰፕላይ አገኘሁ። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የሚገቡት ግን ሁለት ሶኬቶች ናቸው፤ ፒ8 እና ፒ9። ሁለቱም ባለ ስድስት ሽቦ፣ መልካቸው መንታ። ቦታ ቢቀያየሩም ይገባሉ። ሻጩን ስጠይቀው «ካልሠራ አቀያይረው» አለኝ። እውነት ነው?

ሚጡ፦
ኧረ በፈጠረህ! ጥቁር ከጥቁር ነው። ሁለቱ ሶኬቶች ተሰክተው ጎን ለጎን ሲቆሙ አራቱ ጥቁር ሽቦዎች መሃል ላይ ይገናኛሉ። ጥቁሩ ዳር ላይ ከወጣ ተሳስተሃል።

ጋሽ ሽቦ፦
ሚጡ ልክ ናት። ሻጩ ምናልባት ማዘርቦርድም ሊሸጥልህ አስቦ ይሆናል።

ከፒ8 ዳር ጀምረህ ስትቆጥር ብርቱካንማ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ጥቁር ነው። ፒ9 ይቀጥላል፤ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ከዚያ ሦስት ቀይ። ቀዩ 5 ቮልት፣ ቢጫው 12፣ ሰማያዊው ኔጌቲቭ 12፣ ነጩ ኔጌቲቭ 5። ብርቱካንማው «ቮልቴጁ ተረጋግቷል፣ ተነሥ» ብሎ ለማዘርቦርዱ የሚናገር ምልክት ነው። አሁን ሁለቱን አቀያይረህ አስበው። ቀዩ በጥቁሩ ቦታ ይገባል፤ 5 ቮልት የለመደው መስመር ላይ ኔጌቲቭ 12 ይመጣል። አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ራሱን ያጠፋና ያድንሃል። አንዳንዱ አያድንም።

ከዚህ በፊት ግን ጀርባውን እይ። 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለው?

የአራዳው ልጅ፦
አለው ጋሼ። 115 ላይ ነው ያለው።

ጋሽ ሽቦ፦
እንኳን ጠየቅሁህ! ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ይሆናል። የእኛ መብራት 220 ነው። በ115 እንዳለ ብትሰካው ውስጡ ያሉት ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት) እያንዳንዳቸው 310 ቮልት አካባቢ ይደርስባቸዋል። ብዙ ጊዜ የተሠሩት ለ200 ነው። ይፈነዳሉ። ወደ 230 አዙረው።

ሌላም አለ። የኤቲ ማብሪያ ማጥፊያ እንደ ዛሬው ትንሽ የምልክት ቁልፍ አይደለም፤ 220ው ራሱ በእሱ በኩል ያልፋል። አራቱን ሽቦዎች በቀለም ገምተህ አታያይዝ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ተከተል፤ ጫፋቸውን በደንብ ሸፍን።

ቆርቆሮ፦
ለምን ትደክማለህ ወንድሜ? ከማንኛውም ዴስክቶፕ የኤቲኤክስ (ከኤቲ በኋላ የመጣው ዓይነት) ፓወር ሰፕላይ ፈትተህ ሽቦውን ቆርጠህ ቀጥለው። ቀይ ከቀይ፣ ብርቱካንማ ከብርቱካንማ። አለቀ።

ሚጡ፦
ቆርቆሮ፣ እሱን ልጅ አታስበላው! ኤቲኤክስ ላይ ብርቱካንማው 3.3 ቮልት ነው። ያ የምልክት ሽቦ እዚያ ግራጫ ነው። አረንጓዴው ደግሞ ከጥቁር ካልተገናኘ ጭራሽ አይነሣም። በነገራችን ላይ ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኤቲኤክስ ደንብ ኔጌቲቭ 5ን አስወጥቶታል። አንዳንድ የድሮ ሳውንድ ካርድ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ለመተየቢያ ኮምፒውተር ግድ የለም። ኤቲኤክስ ክፉ ሐሳብ አይደለም፣ ግን የተዘጋጀ መቀየሪያ ገመድ ይሻላል።

ቆርቆሮ፦
እሺ፣ ብርቱካንማውን አላወቅሁም። ተቀብያለሁ።

የአራዳው ልጅ፦
230 ላይ አድርጌ ለብቻው ሰካሁት። ፋኑ አንዴ ዞረና ቆመ። ተበላሁ መሰለኝ።

ጋሽ ሽቦ፦
አትቸኩል። የድሮ ፓወር ሰፕላይ ባዶውን አይሠራም፤ ሸክም ይፈልጋል። የማትሳሳለት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ስካበት። የአባትህን አላልኩም! ከዚያ የመልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያውን) ጥቁር ዘንግ ጥቁር ሽቦ ላይ አድርገህ ለካ። ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 መሆን አለበት። ብርቱካንማውም ወደ 5 ካልመጣ ማዘርቦርዱ አይነሣም።

ማዘርቦርዱንም ሳትሰካው ለካው። በቀዩ መስመርና በጥቁሩ መስመር መካከል መልቲሜትሩ ከጮኸ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኞቹ የድሮ ታንታለም ካፓሲተሮች ናቸው።

ሚጡ፦
ሰዓቱን የሚይዘውን ባትሪም እይ። በርሜል የሚመስል፣ 3.6 ቮልት የሚል። ከፈሰሰ ዙሪያው አረንጓዴ ይሆናል፤ የማዘርቦርዱን መስመሮች የሚበላው እሱ ነው። ቆርጠህ አውጣውና ቦታውን በጥርስ ብሩሽ ኮምጣጤ ነካ አድርግበት፤ ከዚያ በፋርማሲ አልኮል አጽዳው። አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ።

የአራዳው ልጅ፦
ከሁለት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ቀዩ 5.08፣ ቢጫው 12.1፣ ብርቱካንማው 5 ገደማ። ሾርት የለም። ባትሪው ፈስሶ ነበር፤ እናቴ ኮምጣጤዋን ስወስድ ጉድ አለች። ጥቁር ከጥቁር አድርጌ ሰካሁት፤ ሦስት ጊዜ አየሁት፣ አባቴም መነጽሩን አድርጎ አየልኝ። አበራሁት። አንዴ ጢጥ አለ፣ ሚሞሪውን ቆጠረ! አሁን ግን ሃርድ ዲስኩን አላገኘውም ይላል።

ጋሽ ሽቦ፦
ባትሪውን ስታወጣ ኮምፒውተሩ የዲስኩን ልክ ረሳ፤ አልሞተም። ሲነሣ ዲሊት ተጫን፤ ሴቲንጉ ውስጥ ዲስክ ፈላጊ ካለ ራሱ ያገኘዋል። ከሌለ ዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ሲሊንደር፣ ሄድና ሴክተር የሚሉትን ቁጥሮች በእጅህ አስገባ። ከተከፈተ ምንም ነገር ሳትነካ መጀመሪያ ቅዳ።

የአራዳው ልጅ፦
ወረቀቱ ደብዝዟል፤ አባቴ በአጉሊ መነጽር እያነበበልኝ ነው። ሲሊንደሩን ጨርሰናል፣ ሄድ ላይ ነን።