ስሙን የማላውቀው ባለ ቀይ ጃንጥላ ናፈቀኝ

ባለሦስተኛ ፎቅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከትልቅ ከተማ ወጥታችሁ ትንሽ ከተማ የገባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ።

ለሥራ ብዬ ከለቀቅኩ ስምንት ወር ሆነኝ። መልቀቄ አይቆጨኝም። ቤቱ ሰፊ ነው፣ አየሩ ንጹሕ ነው፣ መሥሪያ ቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ተመችቶኛል» ነው የምለው፤ ውሸትም አይደለም። ግን የሚናፍቁኝ ነገሮች ለሰው ሲነገሩ ያሳፍራሉ። ቲያትር ቤቱ፣ ሙዚየሙ፣ ያ ሁሉ ትዝም አይለኝ። እዚያ እያለሁም በዓመት አንዴ ብሄድ ነው።

የሚናፍቀኝ ምን መሰላችሁ? አውቶቡስ ሲያመልጠኝ አለመደንገጥ። እዚያ ትንሽ ከቆምኩ ሌላው ይመጣል። እዚህ ካመለጠ አመለጠ ነው፤ ቀኑም አብሮት ይሄዳል።

ደግሞ የሰው መስኮት። ከፊት ለፊታችን ካለው ሕንጻ አንድ ሰው ማታ ማታ ፒያኖ ይለማመድ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዜማ! ሁልጊዜም አንድ ቦታ ላይ ይስታል። እዚያች ቦታ ሊደርስ ሲል እኔ ሳህን ማጠቤን ትቼ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሳተ። «አይ አንተ!» ብዬ ማጠቤን እቀጥላለሁ። ፊቱን እንኳ አይቼው አላውቅም። ወንድ ይሁን ሴትም እንጃ፤ ዝም ብዬ ነው «አንተ» የምለው። አሁን አስተካክሎት ይሆን?

ከሁሉም በላይ ግን ባለ ቀይ ጃንጥላው። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ከፌርማታው የማይጠፋ ሰውዬ ነው። ዘነበም አልዘነበም ጃንጥላው በእጁ ነው። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል፤ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። እሱ ካለ አልረፈደብኝም ማለት ነው። ሰዓቴ ነበር በቃ።

እዚህ ሰዉ ጥሩ ነው። ችግሩም እሱ ነው። ባለፈው አዲስ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን፣ በሕይወቴ አይቻት የማላውቅ ሴትዮ «ጫማው አምሮብሻል፤ ግን አልጠበበሽም?» አለችኝ። ጠቦኝ ነበር። ብቻዬን አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ደግሞ «ምን ሆነሽ ነው?» የሚል ሦስት ሰው ይመጣል። ምንም አልሆንኩም! እዚያ እኮ ሰው መሐል ሆኜ ብቻዬን መሆን እችል ነበር። ማንም አይጠይቀኝም፣ ግን ደግሞ ሰው አለ።

ይሄን በምን ተካችሁት? ወይስ የናፈቀችኝ ከተማዋ ሳትሆን የዚያን ጊዜዋ እኔ ነኝ?

የሌሊት ወፍ፦

እህቴ፣ አታፍሪ። ስለ ሰውዬሽ ጥናት ተሠርቷል። ስታንሊ ሚልግራም የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1972 እ.ኤ.አ. ስለ እንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ጽፏል። በእኛ ቋንቋ «የምናውቀው ባዳ» ብንላቸው ይሄዳል። ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት ባቡር የሚጠብቁ ሰዎችን ፎቶ አነሱ። ከዚያ ተመልሰው ፎቶውን እዚያው ለሚሳፈሩት ሰዎች አሳዩ። አንድ ተሳፋሪ በአማካይ አራት ያህል ፊት ይለያል፤ አነጋግሯቸው ግን አያውቅም። ሚልግራም ዝምታውን እንደ ንቀት አላየውም። ሁለቱም ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ግንኙነት ነው ባይ ነው።

የወደድኩለት ሐሳብ ግን ይሄ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ከለመዱት ቦታ በራቁ ቁጥር ሰላም የመባባላቸው ዕድል ይጨምራል። ፌርማታው ላይ ዝም የተባባሉ ሰዎች ባሕር ማዶ ቢገጣጠሙ እንደ ዘመድ ነው የሚሆኑት።

እኔን የናፈቀኝ ጫጫታው ነበር። የለቀቅኩ ሰሞን ዝምታው አላስተኛ ብሎኝ ማራገቢያ ከፍቼ ነው የማድረው፣ ያውም በብርድ። ጆሮ የለመደውን ድምፅ መስማቱን ይተዋል፤ ድምፁ ሲጠፋ ግን ባንኖ ይነሳል።

ተመላሽ፦

እኔ ደግሞ ልቃወም። ተመልሼ አይቼዋለሁ። ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የሕክምና ተማሪ በ1688 እ.ኤ.አ. የአገር ናፍቆትን እንደ በሽታ ቆጥሮ የመመረቂያ ጽሑፍ ሠርቶበታል። ዋናው መድኃኒት በሽተኛውን ወደ ቤቱ መመለስ ነው አለ። ይኸው እኔ መድኃኒቱን ውጬዋለሁ።

አራት ዓመት ቆይቼ ስመለስ የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነበር። ሁሉንም መንገድ በእግሬ ሄድኩ። አስፋልት ዳር አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠውን ልጅ ፍለጋ ብሄድ ቦታው መኪና ማቆሚያ ሆኗል። በሁለተኛው ወር ሰልፍ ላይ ቆሜ እንደ ድሮዬ መነጫነጭ ጀመርኩ። አንቺም አውቶቡሱ ቶሎ ይመጣል አልሽ እንጂ ሞልቶ እያየሽው እንደሚያልፍሽ አልነገርሽንም። ናፍቆት መርጦ ነው የሚያስቀምጠው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። የቤታችን መታጠፊያ ላይ ጠዋት ጠዋት ቆመው ጋዜጣ የሚያነቡ ሽማግሌ ነበሩ። ድሮ አንገት እንኳ አንሰባበርም። የተመለስኩ ዕለት ከጋዜጣው ቀና አሉና «ጠፋህ እኮ!» አሉኝ።

አራት ዓመት ሙሉ አልነበርኩም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኳቸው።

ቀስ በቀስ፦

ስምንት ወር ምንም አይደለም፤ ሁለት ዓመት ያዥ። እስከዚያው ብቻሽን መቀመጥ ሲያምርሽ የጆሮ ማዳመጫ አድርጊ። እኔ ምንም ሳልከፍትበት ነው የማደርገው። ሰዉ አይቶ ያልፋል። እያደር ደግሞ «ምን ሆነሽ ነው» ባዮቹ ራሳቸው ይለምዱሻል። ሴትዮዋን ግን ያዢያት፤ ጫማ ስትገዢ ይዘሻት ሂጂ።

ባለሦስተኛ ፎቅ፦

ሴትዮዋን ዛሬም አገኘኋት። ጫማው ሰፍቶልኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰፍቷል።

ተመላሽ፣ ስለ አውቶቡሱ ልክ ነህ፤ ሞልቶ ማለፉን ረስቼው ነበር። አሁን ስታስታውሰኝ እሱም ናፈቀኝ፣ ምን ላድርግ። የሽማግሌውን ነገር ካነበብኩ ወዲህ ግን አላስቀምጥ ብሎኛል። እኔንስ ጠፋች ብሎ ይሆን? ወይስ ለእሱ ሰዓቱ አልነበርኩም?

በሚቀጥለው ወር ለአንድ ጉዳይ ሁለት ቀን እሄዳለሁ። ጉዳዩ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ግን ፌርማታው ላይ ነኝ። ጃንጥላውን ቀይሮ ከሆነ ጉድ ፈላ።