ካፒስትራኖ፦ አበባው ይነሳ ወይስ ይቆይ?

የናሆም እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ላንሳና ተከራከሩበት። ቅዳሜ ልጄን ይዤ ከሎስ አንጀለስ ወደ ደቡብ ወርጄ ሳን ሁዋን ካፒስትራኖ ሚሽን ሄድኩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የ4ኛ ክፍል ልጆች ስለ ስፔን ሚሽኖች ይማራሉ፣ ዘንድሮ የሱ ተራ ነው። ለማታውቁት፣ ሚሽን ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። የስፔን መነኮሳት ነባሩን ሕዝብ አጥምቀው በስፔን ሥር ያስገቡበት፣ እርሻውም ከብቱም የእጅ ሥራውም ያለበት ግቢ ነው። ይሄኛው በ1776 ነው የተመሠረተው፣ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ግቢው ልብ ይሰርቃል። መሀሉ ላይ ፏፏቴ፣ ውሃው ላይ አበባ፣ ከሥሩ ቀያይ ዓሣዎች። ልጄ "እማ፣ ሰዎቹ እዚህ ደስ ብሏቸው ነበር የሚኖሩት?" አለኝ። ደነገጥኩ። ያ ሁሉ አበባ እኮ የ20ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። በሚሽኑ ዘመን ቦታው የሥራ ግቢ ነበር። አቧራ፣ ቆዳ፣ ሞራ። የተጠመቀ የአሃሸመን (የዚያ አካባቢ ነባር ሕዝብ) ሰው ያለ ፈቃድ ጥሎ መሄድ አይችልም ነበር፣ ከጠፋ ተይዞ ይመለሳል፣ ይገረፋል፣ ያላገቡ ሴቶች ደግሞ ማታ ማታ በር ይቆለፍባቸው ነበር። አበባው ተነስቶ ግቢው ወደ አፈሩ ይመለስ ባይ ነኝ።

ጓሮ ወዳድ፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ገብቶኛል፣ ግን አልስማማም። አትክልቱን ያስጀመሩት በ1910 የመጡት አባ ኦሱሊቫን ናቸው። ሳንባቸውን ታመው ነው የመጡት። ያገኙት ፍርስራሽ ነበር። አበባው ሰው ጠራ፣ ሰው ገንዘብ አመጣ፣ በገንዘቡ ግድግዳ ቆመ። በ1782 የተሠራችው፣ ሚሽኑን በመሠረቱት በስፔናዊው መነኩሴ በሁኒፔሮ ሴራ ስም የምትጠራው ትንሿ ጸሎት ቤት ዛሬ ቅዳሴ የሚደረግባት እሳቸው ስላደሷት ነው። ባዶ አፈር ለማየት ማን ትኬት ይቆርጣል?

የናሆም እናት፦
ወንድሜ፣ ልጄ ከአበባው ይልቅ የገረመው በጓሮ ያለው የሞራ ማቅለጫና የቆዳ ማልፊያ ገንዳ ነው። እዚያ ቆሞ ሃያ ደቂቃ ጠየቀኝ። ስንት ሰው ይሠራ ነበር? ሽታው እንዴት ነበር? ፏፏቴው ጋ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም፣ ፎቶ ተነስቶ ሄደ።

ግንበኛው፦
ሁለታችሁም ውሃውን ረሳችሁት። ሠላሳ ዓመት ግንብ ላይ ነኝ። እነዚያ ግድግዳዎች ብዙዎቹ የጭቃ ጡብ ናቸው፣ ጭቃና ጭድ ተለውሶ በፀሐይ የደረቀ። የጭቃ ጡብ ጠላቱ እርጥበት ነው። ከግድግዳ ሥር ተክለህ በየቀኑ ስታጠጣ ውሃው ከታች ይሳባል፣ ጨዉን ይዞ ይወጣል፣ ሲደርቅ ጨዉ ፊቱን ይፈረፍረዋል። በጣትህ ነካ ብታደርገው ዱቄት ነው። ስለዚህ ሌላውን ተዉትና ግድግዳ የተጠጋው ተክል ዛሬውኑ ይነሳ።

ስለ እውነት ካነሳን ደግሞ ዋናው የድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1797 ተጀምሮ በ1806 አለቀ። ጠራቢው ኢሲድሮ አጊላር ከሜክሲኮ፣ ከኩልያካን፣ መጥቶ ሥራው ሳያልቅ በ1803 ሞተ። ድንጋዩን የተሸከሙት አሃሸመኖች ናቸው። በ1812 ዲሴምበር 8 ቅዳሴ ላይ እያሉ ምድር ተንቀጠቀጠ፣ ጣሪያው ወረደ፣ 40 ሰው ሞተ። ዛሬ በዋናነት የቀረው መቅደሱ ነው። እንደገና ይሠራ የሚል ሰው ሲመጣ ደሜ ይፈላል። የፈረሰው እንደፈረሰ ይታይ!

ወለተ ማርያም፦
ጋሼ ግንበኛው፣ እጅዎ ይባረክ፣ ስለ ውሃው አላውቅም ነበር። ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። ሁላችሁም ስለ አሃሸመኖች የምታወሩት የሌሉ ይመስል ነው። ልጅ ልጆቻቸው እዚያው ከተማ አሉ። ሚሽኑን እንደ ቤተ ክርስቲያናቸው አድርገው የሚወዱት አሉ፣ በ2015 ሴራ ቅዱስ ሲባል የተቃወሙ የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦችም አሉ። አበባውን ለማንሳትም ለመተውም መጀመሪያ እነሱ ይጠየቁ። እኛ ትኬት ቆርጠን ገብተን የወጣን ሰዎች ነን።

ጓሮ ወዳድ፦
በዚህ እስማማለሁ። የግድግዳውንም ተቀብያለሁ። ጋሼ፣ ሁለት ሜትር ይራቅ ቢባል ይበቃል?

ግንበኛው፦
እንደ አፈሩ ነው። ካጠጣህ ሁለትም ላይበቃ ይችላል። ውሃ የማይፈልግ ያገሩ ተክል ይሁን።

የናሆም እናት፦
ወለተ ማርያም፣ ልክ ነሽ፣ መጠየቅ አለባቸው። እኔ ግን መካነ መቃብሩን ሳላነሳ ብቀር ይቆጨኛል። ከ2,000 በላይ ሰው ተቀብሮበታል፣ አብዛኛው ስም የለውም። እዚያ ስንደርስ ከእኔና ከናሆም በቀር ማንም አልነበረም። ፏፏቴው ጋ ግን ወረፋ ነበር። ለዚህ ነው በመሀሉ ግቢ ላይ አሁንም ሐሳቤን ያልቀየርኩት።