የፓርት ታይም ነርሶች፣ የቀን የ8 ሰዓት ሺፍት የት አገኛችሁ?

ሰላም እህት ወንድሞች። ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታል የምሠራ ነርስ ነኝ። ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ፓርት ታይም ሆኜ በሳምንት 24 ሰዓት እሠራለሁ፤ ሁለት ሌሊት፣ እያንዳንዱ 12 ሰዓት፣ ከምሽቱ 1 እስከ ጠዋቱ 1። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ የሰዓቱም ብዛት ተስማምቶኛል። ያቃተኝ አደላደሉ ነው። ሪፖርት አስረክቤ ስወጣ 1፡40 ይሆናል። ቤት ስደርስ ልጄ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ግን ዓይኔ አልገለጥ ይለኛል።

አለቃዬን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከጠዋት ጀምሮ 8 ሰዓት ልሥራ ብዬ ጠየቅኳት። ክፍላችን ከ12 ሰዓት ሌላ ሺፍት የለውም አለችኝ። ያቀረበችልኝ ፒአርኤን ነው፣ ማለትም ሰው ሲፈለግ ብቻ እየተጠሩ መሥራት፤ እሱ ደግሞ የጤና ኢንሹራንስ የለውም። ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ሁለት ወር ተቀያየርን፤ ሌሊቱ ከበዳትና ተወችው። ሰዓት መቀነስም አልደፈርኩም። ለኤፍኤምኤልኤ ፈቃድ፣ ማለትም ለቤተሰብ ጉዳይ ወይም ለሕመም ሥራ ሳይታጣ ለሚወሰደው ያለ ክፍያ ፈቃድ፣ በ12 ወር ውስጥ 1,250 ሰዓት መሥራት ያስፈልጋል፤ 24 በ52 ሲባዛ 1,248 ነው፣ አሁንም የምሞላው ተጨማሪ ሰዓት እየገባሁ ነው።

ከሆስፒታል አልጋ ክፍል ወጥታችሁ፣ ኢንሹራንሳችሁን ሳታጡ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 24 ሰዓት ገደማ የምትሠሩ ነርሶች፣ የገባችሁት ምን ዓይነት ክፍል ወይም ክሊኒክ ነው?