ነሐሴ 7 ቀን ስለ ፅንስ ምን ላስተምር?

ጥያቄ፦ የልደታዋ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በመሀል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አጥቢያ ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። በዘንድሮው ጾመ ፍልሰታ፣ እመቤታችን የተፀነሰችበት በዓል በሚውልበት በነሐሴ 7፣ ስለ ውርጃ የአንድ ሰዓት ትምህርት እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ከአንድ ወር በፊት ቢሆን ኖሮ ትምህርቱን በአንድ ምሽት ጽፌ እጨርሰው ነበር፤ አሁን ግን እስክሪብቶ ባነሣሁ ቁጥር አንዲት ልጅ ፊቴ ላይ ትደቀንብኛለች።

በምኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም ከእኔ በታች ባለው ቤት የምትሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው የምላት ልጅ ነበረች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ አንድ ትልቅ ፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጫማ ነበር። ማርገዟ ስለታወቀባት አሠሪዋ የወሩን ደመወዟን ሰጥታ አሰናብታታለች። «ወዴት ልትሄጂ ነው?» አልኳት፤ «አክስቴ ጋ» አለችኝ። ከዚህ በፊት በዚህ ከተማ ማንም ዘመድ እንደሌላት ነግራኝ ስለነበር እየዋሸችኝ መሆኑን ዐውቃለሁ። ቢሆንም «አይዞሽ፣ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብያት ነጠላዬን እየሰበሰብሁ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፅንሱን ማቋረጧን ከግቢው ጥበቃ ሰማሁ።

ፅንስ ከተፀነሰበት ቀን ጀምሮ በእግዚአብሔር ፊት ሰው እንደሆነ አምናለሁ፤ ጥያቄዬ በዚህ ላይ አይደለም። እኔን የቸገረኝ ያንን እምነት ለሌሎች እያስተማርሁ፣ ደረጃው ላይ ያለፍኋትን ልጅ ከትምህርቱ ውጭ ማድረጌ ነው። ሳልዋሽ ማስተማር የምችለው ምንድን ነው?

መልስ 1፦ ዲያቆን ከአራት ኪሎ

እህቴ፣ በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት እንደሆነ ላስቀምጠው፤ ምክንያቱም ኀዘን በበረታ ጊዜ ትምህርቱን የማለስለስ ፈተና ይመጣል። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ፅንስ ያላትን እምነት በክርክር ብቻ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያዋም ተናግራለች። ነሐሴ 7ን የመረጡልሽ ሰዎች ይህን ዐውቀውበታል። መጋቢት 29 የጌታን ፅንሰት፣ ታኅሣሥ 29 ልደቱን እናከብራለን፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ከጳጉሜን ጋር ሲቆጠር አባቶቻችን «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» የሚሉት ነው። ቃል ሥጋ የሆነው በቤተ ልሔም በረት ሳይሆን በናዝሬት በእመቤታችን ማኅፀን መሆኑን ከተቀበልን፣ ማኅፀን ውስጥ ያለውን ሕይወት «ገና ምንም ያልሆነ» ልንለው አንችልም።

ዲዳኬ ተብሎ የሚታወቀው የጥንት ክርስቲያኖች መጽሐፍ በሁለተኛው ምዕራፉ ፅንስን ማስወረድንና የተወለደን ሕፃን መግደልን አብሮ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ314 በአንቆራ (በዛሬዋ አንካራ) የተሰበሰቡት አባቶች በ21ኛው ቀኖናቸው ለዚህ ኃጢአት የአሥር ዓመት ንስሐ ወስነዋል፤ የቂሣርያው ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስም በሁለተኛው ቀኖናው ፅንሱ ቅርጽ ይዟል አልያዘም የሚለውን ልዩነት አንመረምርም ብሎ ያንኑ አሥር ዓመት አጽንቷል። አሥር ዓመት ለዛሬ ጆሮ ይከብዳል። ነገር ግን ከአንቆራ በፊት የነበረው ሥርዓት እስከ ዕለተ ሞት ከቁርባን የሚከለክል ስለነበር፣ አባቶቹ የሠሩት ሥራ ማክበድ ሳይሆን ማቅለል ነበር። ባስልዮስ ደግሞ መድኃኒቱ የሚመዘነው በዘመኑ ርዝመት ሳይሆን በንስሐው ሁኔታ መሆኑን ጨምሮበታል። ንስሐ አባቶች በዚህ ነገር ላይ ሲፈርዱ ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ይህንኑ ቀኖና የጻፈው ባስልዮስ፣ በቂሣርያ ረኀብ በገባ ጊዜ ጎተራቸውን የዘጉ ባለጸጎችን በስብከቱ ገሥጿል። አንድ ድኻ አባት ሌሎቹን ለማብላት ከልጆቹ የትኛውን እንደሚሸጥ ሲጨነቅ የሚያሳየው ክፍል ሲነበብ ሰውነት ይሰቀጥጣል። ከከተማዋ ወጣ ብሎም ለድኾች፣ ለሕሙማንና ለእንግዶች መጠለያ የሆነ ትልቅ ግቢ አሠርቷል። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ይህ አባት በአንድ እጁ ቀኖና ሲጽፍ በሌላው ቤት ይሠራ ነበር ማለት ነው። ዲዳኬም እንዲሁ ነው፤ በአምስተኛው ምዕራፍ «የሞት መንገድ» ብሎ ሲዘረዝር፣ ለድኻ የማይራሩትንና የተቸገረውን ፊት የሚነሡትን ከሕፃናት ገዳዮች ጋር በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። እኛ ግን ከዝርዝሩ አንዱን ብቻ ቆርጠን ወስደናል።

ለትምህርትሽ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ፅንሱ ዮሐንስ በደስታ መዝለሉን ለማስረዳት ሉቃስ ምዕራፍ 1 ቁጥር 41ን ሁላችንም እንጠቅሳለን። እመቤታችን ራሷ ፀንሳ ሳለች በኤልሳቤጥ ቤት ሦስት ወር ያህል መቀመጧን የሚናገረውን ቁጥር 56ን ግን ስንቶቻችን ሰብከንበታል? አንዲት ነፍሰ ጡር ወደ ሌላዋ ነፍሰ ጡር ሄዳ አብራት ሰነበተች።

መልስ 2፦ አዋላጅ ነርስ

የዲያቆኑን ጽሑፍ በአክብሮት አነበብሁት። ከሃያ ዓመት በላይ በማዋለጃ ክፍል የሠራሁ ክርስቲያን ነኝ። ፅንስ የማቋረጥ ሥራ በእጄ አልሠራም፤ ውርጃ ሠርታ የመጣችን ሴት ግን አንድም ቀን ፊት ነሥቻት አላውቅም። ከትምህርቱ የቀሩ የመሰሉኝን ሁለት ነገሮች ልጨምር።

አንደኛው የቃሉ ጉዳይ ነው። በእኛ ቋንቋ «ውርጃ» ማለት በገዛ ፈቃድ የተቋረጠውም፣ ሳይፈለግ የወረደውም ነው። አንድ ጊዜ በሰንበት ጉባኤ ላይ ሰባኪው «ውርጃ ነፍስ ማጥፋት ነው» እያለ ሲናገር፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ድረስ ስታጣፋ አየሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የወረደባት ሴት ናት፤ ሁለተኛውን እኔ ራሴ ነበርሁ የረዳኋት። ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ስትወጣ ምን ይዛ እንደወጣች አስቡት። እባክሽ እህቴ፣ ትምህርትሽን ስትጀምሪ የወረደባትንና ያስወረደችውን ለይተሽ ተናገሪ፤ ከተቻለሽም ልጃቸው ለወረደባቸው እናቶች አንድ የጸሎት ቃል አስቀድሚ።

ሁለተኛው የእናት ሕይወት ነው። ከማኅፀን ውጭ፣ ብዙውን ጊዜ በዘር ማስተላለፊያ ቱቦ ውስጥ፣ የተቀመጠ እርግዝና አለ። ቱቦው ከፈነዳ ደም ወደ ሆድ ውስጥ ይፈስሳል፤ እናቲቱም በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በዚያ ቦታ ፅንሱን አድጎ እንዲወለድ የሚያደርግ ሕክምና የለም። ወጣቶችሽ ይህን ሳያውቁ «ክርስቲያን ከሆንሁ አልታከምም» የምትል አንዲት ልጅ ብትወጣ ኃላፊነቱ በአስተማሪው ላይ ይወድቃል።

ስለ ቀድሞው ጊዜ ደግሞ ጥቂት ልበል። ሥራ በጀመርሁበት ዘመን በረኪና ጠጥተው፣ እንጨት አስገብተው፣ ማኅፀናቸው መግል ይዞ የሚመጡ ልጆች አልጋ ይሞሉ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶች 871 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 412 ሆኗል። ለውጡን ያመጣው አንድ ነገር አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ አምቡላንስ፣ በጤና ተቋም መውለድ ሁሉም አሉበት። ከጠቅላላው ውርጃ በጤና ተቋም የሚፈጸመውም በ2000 ዓ.ም. 27 በመቶ ያህል እንደነበርና በ2006 ዓ.ም. 53 በመቶ እንደደረሰ ተገምቷል። ይህን የምጠቅሰው ውርጃን ለማስወደድ አይደለም። ሕይወትን እናከብራለን የምንል ሰዎች በዚያ አልጋ ላይ የሞቱትንም ልጆች ከቁጥሩ ማውጣት ስለማንችል ነው።

መልስ 3፦ የሕግ ባለሙያ (ሜክሲኮ አካባቢ)

በአጭሩ የሕጉን ክፍል ላስረዳ፤ በጉባኤ ላይ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ሲነገር እሰማለሁና። በዐዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችን ፅንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ያስቀጣል። በአንቀጽ 551 ግን የማያስቀጡ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል፤ እነርሱም ፅንሱ ከአስገድዶ መድፈር ወይም ከዘመድ ጋር ከሚደረግ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ለማሳደግ ያልተዘጋጀች ስትሆን ነው። ከአስገድዶ መድፈር በመጣ ፅንስ ረገድ የሴቲቱ ቃል ብቻውን በቂ እንደሆነ አንቀጽ 552 ይደነግጋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን እኔን የሚያስቆመኝ አንቀጽ 550 ነው። ፅንሱ የተቋረጠው በከባድ ድህነት ምክንያት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀልል ያዝዛል። ሕግ አውጪው ይህን ሲጽፍ ድህነት ሴቶችን ወደዚህ እንደሚገፋ ማመኑ ነው።

ጠያቂዋ ስላነሣቻት ልጅ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ከሥራ እንዳትሰናበትም ይከላከላል። ነገር ግን ዐዋጁ የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ የእነርሱ ጉዳይ በደንብ እንዲወሰን ተብሎ ተለይቷል። ስለዚህ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ስታረግዝ ዕረፍት ታገኛለች፤ የባንክ ሠራተኛዋን ልጅ የምታሳድግላት ሞግዚት ስታረግዝ ደረጃ ላይ ትቀመጣለች። አሠሪዎቹ ደግሞ እኛው ነን፤ እሑድ ጠዋት አብረን የምናስቀድስ።

መልስ 4፦ ወንድማችሁ

እኔ ከወንጌላውያን ወገን ነኝ፤ ስለ ፅንሱ ግን ከዲያቆኑ ጋር አንድ ቃል ነኝ። ባለቤቴና እኔ ከአምስት ዓመት በፊት አንዲት ሕፃን በጉዲፈቻ ወስደናል። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በዐዋጅ ስለተከለከለ ወላጅ ያጡ ልጆች ጉዳይ አሁን የእኛ ነው። ቃሉን ራሱን ያገኘነው ከኦሮሞ ወገኖቻችን ሥርዓት መሆኑም የሚያኮራ ነው።

ሆኖም አንድ ሥጋት አለኝ። የካቶሊኩ ካርዲናል ጆሴፍ በርናርዲን እ.ኤ.አ. በ1983 ኒው ዮርክ ውስጥ ባደረጉት ንግግር ውርጃን፣ ጦርነትን፣ የሞት ቅጣትንና ድህነትን በአንድ ወጥ የሕይወት ሥነ ምግባር አስተሳስረው ነበር። ያን ጊዜ የተቿቸው ሰዎች፣ ሁሉም ጉዳይ እኩል ከሆነ ድምፅ የሌለው ፅንስ በመካከል ይረሳል አሉ። እኔም ይህን እፈራለሁ። ስለ ሠራተኞች ደመወዝና ስለ ኪራይ ቤት ስናወራ ሰዓቱ አልቆ፣ «ይህ ነፍስ ነው» የሚለው ቃል ሳይነገር እንዳይቀር።

መልስ 5፦ ዲያቆን ከአራት ኪሎ

ወንድሜ፣ ሥጋትህ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ካርዲናሉም ጉዳዮቹ የተለያዩ መሆናቸውን አልካዱም፤ ተያይዘዋል ነው ያሉት። ደግሞም በእኛ አገር ያለው አደጋ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። «ይህ ነፍስ ነው» የሚለው ቃል በየዐውደ ምሕረቱ ይነገራል። ያልተነገረው፣ ሆዷ የገፋ ያላገባች ልጅ ቤት ልትከራይ ስትመጣ «ተይዟል» የምንለው ነገር ነው። ነርሷ ስለ ቃሉ አከፋፈል ያሉትን ደግሞ ተቀብያለሁ፤ እኔ ራሴ ለይቼ አስተምሬ አላውቅም ነበር።

ምላሽ፦ የልደታዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እርስዎ፣ እህቴ ነርስ፣ ስለ ወረደባት ሴት የጻፉልኝን ለመምህራኑ አሳይቼ የጸሎቱን ቃል እንድናስቀድም ተስማምተናል። ለወንድማችንም እንዲህ እላለሁ፤ የትምህርቱ የመጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ስለ ፅንሱ ነው፤ አልሸራርፈውም። ከዚያ በኋላ የሉቃስን ቁጥር 56 አስነብቤ ስለ ደረጃው እናገራለሁ፤ ደረጃውን የወጣሁት እኔ መሆኔን ሳልደብቅ።

ሰንበት ትምህርት ቤቱ በየወሩ ከሚሰበስበው መዋጮ፣ በየዓመቱ ለመዝሙር ልብስ ከምናወጣው ላይ ቀንሰን፣ አንዲት ነፍሰ ጡር እስክትወልድና አራስነቷን እስክትጨርስ የምታርፍበት አንድ ክፍል መከራየት እንችል እንደሆነ ለሰበካ ጉባኤው ጥያቄ አቅርቤአለሁ። መልሱ ገና ነው። አንድ አባል «ይህ ዝሙትን ማበረታታት አይሆንም ወይ?» ብለዋል፤ ስለዚህ ክርክሩ ቀላል አይሆንም።

ልጅቷን በስልክ አገኘኋት። አሁን ያለችው መርካቶ አካባቢ ከሁለት ሌሎች ልጆች ጋር በተከራየችው ቤት ነው። ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርሁ፤ እርሷ ግን አላስጨረሰችኝም። መታወቂያዋ በአሠሪዋ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ስለቀረ አዲስ ሥራ መግባት እንዳልቻለች ነገረችኝና ላመጣላት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገ ከሥራ መልስ ሁለተኛውን ፎቅ አንኳኳለሁ።