ሌሊት ሲጨንቃት ማን ይድረስላት?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያችን አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ ስለሚማሩ የነባር ሕዝቦች ልጆች ነው። ናቫሆ፣ ላኮታ፣ አፓቼ፣ ኦጂብዌ እና ሌሎችም። ድሮ ትምህርት ቤት «ቀይ ሕንዶች» እያልን የተማርናቸው ናቸው፤ እዚህ ግን እንደዚያ ባንላቸው ደስ ይለኛል። በአሜሪካ ራስን የማጥፋት መጠን ከሁሉም ከፍ ያለው በእነሱ ዘንድ ነው። ታዲያ አንዱ ተማሪ ከአቅሙ በላይ ሲጨንቀው፣ ኮሌጁ የሕዝቡን ባህል የሚያውቅ የተለየ አገልግሎት ያቁምለት? ወይስ ለሁሉም ያለውን አንዱን ማጠናከር ይሻላል? አደራ፣ ራስን ስለማጥፋት አደራረግ ዝርዝር አትጻፉ። ከምታነቡት ውስጥ አሁን የከበደው ካለ፣ አሜሪካ ከሆነ ጭንቅ ለደረሰበት ሰው ወደተከፈተው የስልክ መስመር፣ 988፣ ይደውል። ሌላ አገር ያላችሁ የምታምኑትን ሰው ቀስቅሱ።

የቀድሞ የዶርም ተጠሪ፣ ሚኒሶታ፦
እኔ የተለየ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ያየሁትን ልንገራችሁ። የዶርም ተጠሪ በነበርኩበት ዓመት እኔ ፎቅ ላይ አንዲት የላኮታ ልጅ ነበረች። ዝምተኛ ናት። አጎቷ የሞተ ሰሞን ሌሊት ክፍሏ ውስጥ ሴጅ የሚባለውን የደረቀ ቅጠል አጨሰች። የሚያጨሱት በጭሱ ራሳቸውን ለማጥራትና ለመጸለይ ነው። አላርሙ ጮኸ። ሕንፃው በሙሉ በሌሊት ልብስ ውጭ ወጣ። ጥበቃው ዕፅ መስሎት «ምንድን ነው ያጨስሽው?» እያለ አፋጠጣት። እኔም ደንብ ነው ብዬ ሪፖርት ጻፍኩባት። እናቴ ዕጣን ሳታጨስ ቡና አታፈላም። እንዲያ ካለ ቤት ወጥቼ «ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ አልጠየቅኳትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌሊት ወደ ኮሌጁ የምክር መስመር ደወለች። የተጻፈ ጥያቄ እያነበቡ ጠየቋት። መልስ ስታጣ ዝም አለች። ዝም ስትል ፖሊስ ላኩባት። እኔ ስደርስ ሁለት ፖሊሶች በሯ ላይ ቆመዋል። እሷ በባዶ እግሯ መሬት ላይ ተቀምጣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። አያቷ ናት። በላኮታ ቋንቋ ታወራላታለች፣ ልጅቷ ምንም አትመልስም፤ አያቷ ግን አላቋረጠችም። እንዲህ ሆነው ነጋ። ልጅቷ ዛሬ አለች፣ ተመርቃለች። ያቆያት ያ ድምፅ ነው ብዬ ነው የማምነው።

የስልክ መስመር በጎ ፈቃደኛ፣ ሜሪላንድ፦
እህቴ፣ ያየሽው ልብ ይነካል። ግን ጥፋቱ ባህል አለማወቅ ነው ወይስ መጥፎ አሠራር? ዝም ባለ ሰው ላይ ፖሊስ መላክ ለማንም ልጅ አይበጅም። እኔ አራት ዓመት ስልክ አንስቻለሁ። ሰው ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚፈልገው ቶሎ የሚያነሳና የማይቸኩል ሰው ነው። ደግሞስ «ባህል» ስንል የማን? የፌዴራል መንግሥት በሕግ እውቅና የሰጣቸው ነገዶች ብቻ ከ570 በላይ ናቸው። የላኮታ ሥርዓት ለናቫሆ ልጅ ባዕድ ነው። ከተማ ተወልዶ ቤተ ክርስቲያን ያደገውስ?

ሌላው ምስጢር ነው። ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ አማካሪዋ የአክስቷ ልጅ ሆና ልትገኝ ትችላለች። እኛ ጋ ስንቱ ነው «አስተርጓሚው አበሻ ከሆነ አልናገርም» የሚለው?

ነርስ፣ ሲያትል፦
የምስጢሩ ነገር እውነት ነው ወንድሜ። ሥራ ቦታ ሁልጊዜ ይገጥመኛል። መልሱ ግን ምርጫ መስጠት ነው፣ መከልከል አይደለም። እኛ ግዛት ዋሽንግተን ውስጥ 988 ደውለህ 4 ቁጥርን ስትጫን ስልኩን የሚያነሱት ራሳቸው የነባር ሕዝቦች ተወላጆች ናቸው። ኖቬምበር 2022 ላይ ነው የተጀመረው፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ዘመዴ ያነሳብኛል ብሎ የፈራ 4ን አይጫንም፣ ሌላው ያነሳለታል። ብሩም ከሰማይ አልወረደም። በ2021 በወጣ ሕግ ከየስልካችን በየወሩ ሳንቲም ይቆረጣል። እኔም እከፍላለሁ፣ ደስ ብሎኝ።

የስልክ መስመር በጎ ፈቃደኛ፦
4 ቁጥርን ካነሳሽ 3 ቁጥርንም አስታውሺ። 988 ላይ 3ን ሲጫኑ ለተመሳሳይ ጾታ ተማራኪና ለትራንስጀንደር ወጣቶች የሠለጠነ ሰው ያነሳ ነበር። ጁላይ 2025 ላይ በፌዴራል መንግሥት ውሳኔ ተዘጋ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ለብቻው የቆመ ነገር ሲፈልጉ ለብቻው ይዘጋል። ከነጠላው ጋር የተሸመነ ጥለት ግን ነጠላውን ሳይቀዱት አይወጣም። ለዚህ ነው ዋናው አገልግሎት ውስጥ ይግባ የምለው።

የታሪክ ተማሪ፣ ካንሳስ፦
ሁላችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ። ለእነዚህ ቤተሰቦች ትምህርት ቤት ራሱ ምን ነበር? በ1879 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ካርላይል የሚባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ ልጆችን ከወላጅ እየወሰዱ ፀጉራቸውን ቆረጡ፣ ስማቸውን ቀየሩ፣ በቋንቋቸው ሲያወሩ ቀጡ። መንግሥት በ2024 ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 973 ልጆች በእነዚህ ትምህርት ቤቶች እያሉ መሞታቸውን አምኗል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ፕሬዚዳንት ባይደን አሪዞና ሄደው ይቅርታ ጠየቁ።

እዚህ ሎረንስ ከተማ ሃስኬል አለ። በ1884 እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሆኖ ነው የተከፈተው። ዛሬ የነባር ሕዝቦች ልጆች ዩኒቨርሲቲ ነው። ግቢው ውስጥ የልጆች መቃብር አለ፣ ከ100 በላይ። ድንጋዮቹ ትንንሽ ናቸው፣ ጉልበት አይደርሱም። እዚያ ቆሜ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት። አንዲት ልጅ «ቢሮ ነይና የሚሰማሽን ንገሪን» ስትባል የምትሰማው በራሷ ጆሮ ብቻ አይደለም፣ በአያቷም ጆሮ ነው። ፎርሙ፣ ፋይሉ፣ የተዘጋው በር፣ ሁሉም ትዝታ አለው። ወንድማችን «ጥሩ አሠራር» የሚለው እዚህ ጋ አይበቃም።

የሥነ ልቦና ተማሪ፣ አሪዞና፦
አንድ ከባድ ነገር ላንሳ። ብዙ የናቫሆ አዛውንቶች ክፉን በአፍ ማውጣት ክፉን መጥራት ነው ይላሉ። እኛም «አታሟርት» እንላለን አይደል? እኛ ግን ክፍል ውስጥ የምንማረው ራሷን ለማጥፋት አስባ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቋት ነው። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ እንደማይከት ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ጥያቄው አይቀርም። መንገዱ ግን አለው። «አንዳንድ ሰው እንዲህ ሲከብደው መኖር ያስጠላዋል፤ አንቺስ ራስን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?» ማለት ይቻላል። ጥያቄው ያው ነው፣ ልጅቷ ላይ ግን እንደ እርግማን አይወድቅም። ይሄን ሁሉም አማካሪ ሊማረው ይችላል፤ እዚህ ላይ ከሜሪላንዱ ወንድሜ ጋር ነኝ።

ግን ማን ይምራው በሚለው ላይ አልስማማም። ዋይት ማውንቴን አፓቼዎችን ተመልከቱ፣ እዚሁ አሪዞና። ነገዱ በራሱ ሕግ አወጣ። ከ2001 ጀምሮ ራሱን ሊጎዳ ያሰበም የሞከረም ሰው ሲታወቅ ሪፖርት ይደረጋል። ፖሊስ በመላክ አያበቃም፣ የሠለጠነ የአፓቼ ሠራተኛ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። አዛውንቶች ትምህርት ቤት ገብተው ልጆቹን ያስተምራሉ። መረጃውን ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ይሠሩታል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታትና በቀጣዮቹ ስድስት መካከል ራስን የማጥፋት መጠን 38 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሳይንሱን አልጣሉትም፣ ያዘዙት ግን እነሱ ናቸው።

የስልክ መስመር በጎ ፈቃደኛ፦
ይሄን እቀበላለሁ። ግን አፓቼዎቹ አገራቸው ላይ ናቸው። አሥራ ሁለት የነባር ሕዝቦች ተማሪ ያለው ኮሌጅ ምን ያድርግ? አንዲት አማካሪ ይቀጥራሉ፣ ሌሊቱም ሐዘኑም የዶርሙም ጣጣ እሷ ላይ ይወድቃል። በዓመቷ ትለቃለች። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ።

ነርስ፣ ሲያትል፦
እዚህ ላይ ልክ ነህ። አንድ ሰው ቀጥሮ «ባህሉን ጨርሰናል» ማለት ግፍ ነው። ለእሷም ለልጆቹም።

የቀድሞ የዶርም ተጠሪ፦
እኔ ትንሽ ነገር ነው የምጠይቀው። ተማሪ ዶርም ሲገባ በሚሞላው ፎርም ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ሌሊት ከከበደሽ ፖሊስ ከመላካችን በፊት ማን ይደወልልሽ? በምን ቋንቋ?» ሴጅ ለማጨስም አላርሙ የማይደርስበት አንድ ክፍል ይከፈት። በአንዳንድ ኮሌጅ ይሄ ተጀምሯል።

የስልክ መስመር በጎ ፈቃደኛ፦
አያቷ ስልክ ባታነሳስ?

የቀድሞ የዶርም ተጠሪ፦
ሁለተኛ ስም ይጻፋ። ከዚያ እናንተ አላችሁ። ያቺ ልጅ ያን ሌሊት የማንንም ቁጥር ከስልኳ አልፈለገችም። የአያቷን በቃሏ ነበር የምታውቀው። የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።