ለሴሊካ ቲኤ22 ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ፦ ቲ50 ይሻላል ወይስ ደብልዩ58?

ድሬ ሴሊካ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ቶዮታ ሴሊካ ቲኤ22፣ የ1974 እ.ኤ.አ. ስሪት ናት። ሞተሩ 2ቲ፣ 1588 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራቶር። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ባለ አራት ማርሹ ቲ40፣ የዲፍሬንሻሉ (የኋላ አክሱ ማርሽ) ሬሾ 4.111፣ ጎማው 185/70 አር13 ነው።

የምትሄደው ሁለት ዓይነት መንገድ ነው፤ አንዱ ከድሬ በደንገጎ ወደ ሐረማያና ሐረር የሚወጣው ዳገት፣ ሌላው ወደ ደወሌ የሚወስደው ሜዳ። ዳገቱን ደህና አድርጋ ትወጣለች። ሜዳው ላይ ግን በ100 ሞተሩ ይጮሃል፣ ነዳጅም ትበላለች። በዚያ ላይ ከሦስት ወደ ሁለት ስመልስ ማርሹ ይንጫረራል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ፎሌ ሆና (ማርሽ ሳይገባ) ስትቆም ደግሞ የሚያጉረመርም ድምፅ አለ፣ ፍሪሲዮን ስረግጥ ይጠፋል።

ቲ40ውን ከማስጠገን ባለ አምስት ማስገባት ፈልጌአለሁ። በጅቡቲ በኩል ከሚገቡ ያገለገሉ ዕቃዎች ሦስት አማራጭ ቀርቦልኛል፦ ከኮሮላ ኤኢ86 የወጣ ቲ50፣ ከሱፕራ የወጣ ደብልዩ58፣ ከሃይሉክስ የወጣ ባለ አምስት። ሁሉም "ደብልዩ58 ጠንካራ ነው" ይላል። የትኛውን ልውሰድ? ሲገጠምስ ምን ምን ይነካል?

የከዚራ ጋራዥ፦

አቦ፣ ጥንካሬውን ለጊዜው ተወውና መጀመሪያ ሬሾውን (መውጫው ዘንግ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) እይ። ቲ50 ከአንደኛ እስከ አምስተኛ 3.587፣ 2.022፣ 1.384፣ 1.000፣ 0.861 ነው። ደብልዩ58 ደግሞ 3.285፣ 1.894፣ 1.275፣ 1.000፣ 0.783። ያንተ ቲ40 ከአንድ እስከ አራት ከቲ50 ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ቲ50 ስታስገባ ዳገት ላይ የምታውቀው መኪና ሳይነካ አምስተኛ ማርሽ ይጨመርልሃል ማለት ነው።

ሜዳውን በቁጥር እንየው። የጎማህ ዙሪያ 1.85 ሜትር ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በደቂቃ 900 ጊዜ ይዞራል። በ4.111 ስታባዛው አራተኛ ላይ ሞተሩ 3,700 ይዞራል፣ ጩኸቱ የዚህ ነው። በቲ50 አምስተኛ ወደ 3,190 ይወርዳል፣ በደብልዩ58 ወደ 2,900። ሜዳ ላይ ብቻ ቢሆን ደብልዩ58 ያሸንፍ ነበር።

ደንገጎ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የአንደኛ ማርሽህ አጠቃላይ ቅነሳ አሁን 14.75 ነው (3.587 ሲባዛ በ4.111)። ደብልዩ58 ወደ 13.5 ያወርደዋል፤ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት 8 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ሁለተኛው ላይም 6 በመቶ ያህል ታጣለህ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ላይ ስትወጣ 2,000 ትደርሳለህ፤ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ካርቡራቶሩ ድብልቁን በነዳጅ ያወፍረዋል። ጭነት የያዘ ሲኖ ኋላ ጠመዝማዛው ላይ ቆመህ ስትነሳ ያ 8 በመቶ የሚካካሰው ፍሪሲዮን በማንሸራተት ነው። ዲስኩን የሚበላው እሱ ነው።

ጥንካሬን በተመለከተ፣ ቲ50 ጃፓን ውስጥ 130 የፈረስ ጉልበት በተባለው 4ኤ-ጂኢ ሞተር ኋላ ሠርቷል። ያንተ 2ቲ ከዚያ በታች ነው። ሞተሩን ልታሳድግ ወይም ቱርቦ ልታስገባ ካሰብክ ያኔ ስለ ደብልዩ እንነጋገራለን። የሃይሉክሱን እርሳው። የጭነት መኪና ካምቢዮ ነው፣ አንደኛው ከ3.9 በላይ ስለሆነ ገና ከመነሳትህ ያልቃል፣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ያለው ክፍተትም ለዚህች መኪና አይመችም።

ባቢሌ 4ኬ፦

ዲፍሬንሻሉን ብቻ ወደ 3.9 ቢቀይረውስ? ርካሽ ነው፣ ካምቢዮ ማውረድም የለበትም።

የከዚራ ጋራዥ፦

በ3.909 አራተኛ ላይ በ100 ሲሄድ 3,520 ይሆናል፤ የቀነሰው 180 ብቻ ነው። ለዚያ ብሎ ሁሉም ማርሽ ላይ 5 በመቶ ጉልበት ይከፍላል፣ ደንገጎንም ጨምሮ። ካምቢዮው ደግሞ ለማንኛውም መውረድ አለበት፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋው ድምፅ ከካምቢዮው የውስጥ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው የሚመጣው። ሲረገጥ የሚጀምር ቢሆን ኖሮ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው እንል ነበር።

ጠያቂው ግን 4.111 መሆኑን ከወረቀት ሳይሆን ከመኪናው አረጋግጥ፣ በ50 ዓመት ውስጥ ማን ምን እንደቀየረ አይታወቅም። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሳ፣ ሌላው መሬት ላይ ይሁን፣ ካምቢዮውን ፎሌ አድርግ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስይዝ፣ መኪናውንም በማቆሚያ ደግፍ። የተነሳውን ጎማ ልክ ሁለት ዙር አዙረህ ትራንስሚሲዮኑ (ከካምቢዮ ወደ ዲፍሬንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ) ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠር። አራት ዙርና ትንሽ (የዙሩ ዘጠነኛ ያህል) ከሆነ 4.111 ነው፤ አራት ሳይሞላ ከቆመ 3.9 ነው።

ቶርኖ ሐረር፦

ምርጫው ላይ እስማማለሁ። መግጠሙን እኔ ልጨምር፣ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

ከኤኢ86 የወጣ ቲ50 ከነቤል ሀውሲንጉ (ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የፊት ሽፋን) ከ2ቲ ጋር አይገጥምም፤ ቤል ሀውሲንጉ ለ4ኤ ሞተር የተሠራ ነው። የቲ ካምቢዮ ቤል ሀውሲንግ ግን ተፈትቶ የሚወጣ ስለሆነ የራስህን ታዞርበታለህ። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ካሊፐር ይዘህ ሂድና እነዚህን ለካ፦ የፊተኛው ኩሽኔታ ሽፋን ውጫዊ ስፋት ከቤል ሀውሲንግህ ቀዳዳ ጋር ይገጥማል ወይ፤ የቡሎኖቹ አቀማመጥ አንድ ነው ወይ፤ የመግቢያው ዘንግ ጫፍ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ላለው ትንሽ ኩሽኔታ ልኩ ነው ወይ፤ የዘንጉ ጥርስ ቁጥር ከፍሪሲዮን ዲስክህ ጋር አንድ ነው ወይ። ጥርሱ ከተለየ የራስህን ዲስክ ስፋት ይዞ መሃሉ የአዲሱ ካምቢዮ የሆነ ዲስክ ይፈለጋል። ጥርስ በፋይል ለማስተካከል የሚሞክር ሰው ካገኘህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ።

ከዚያ ርዝመት። ከቤል ሀውሲንግ ፊት እስከ ማርሽ ዘንጉ (በእጅ ማርሽ የሚቀየርበት)፣ እስከ ሱፖርቱ (ካምቢዮውን የሚሸከመው ማሰሪያ)፣ እስከ ጅራቱ ጫፍ፤ ሦስቱንም ልኬት ከቲ40 ጋር አስተያይ። ማርሽ ዘንጉ 2 ወይም 3 ሳንቲም ቢሸሽ ወለሉን መቁረጥ ይቻላል። ጅራቱ ከረዘመ ግን ትራንስሚሲዮኑ ማጠር አለበት። ርዝመቱን የምትወስደው መኪናው በራሱ ጎማ ቆሞ፣ ክብደቱን ተሸክሞ ነው። ጅራቱ ውስጥ የሚገባውን ክፍል እስከ መጨረሻው ግፋውና ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር መልሰው፤ ትክክለኛ ቦታው እሱ ነው። ምንም ክፍተት ሳይቀርለት ከተገጠመ ጉድጓድ ላይ የኋላ አክሱ ሲነሳ ካምቢዮውን ከኋላ ይመታዋል፣ ኩሽኔታና ፓራሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለው ጎማ) ይጨርሳል። ያጠረ ትራንስሚሲዮን ደግሞ ባላንስ ሳይደረግ አይገጠምም፤ በ80 የሚጀምር ንዝረት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ነው።

ሱፖርቱን አዲስ ቦታ ስትበይድ ከፍታውን አትገምት። የካምቢዮው ጅራትና የዲፍሬንሻሉ አፍ ትይዩ መሆን አለባቸው፣ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ አይብለጥ። ክሮቸራው (የትራንስሚሲዮኑ መታጠፊያ መስቀል) ራሱ የሚሠራበት ማዕዘን 3 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቁም፣ ጨርሶ ዜሮም አይሁን።

የተቀላቀለ ቤል ሀውሲንግ ከሆነ አንድ ነገር አትዝለል። ዳያል ጌጁን (ጥቃቅን ልዩነት የሚለካውን ባለ ቀስት መለኪያ) ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት የሞተሩ ከባድ ዲስክ) ላይ አስረህ የቤል ሀውሲንጉን መሃል ቀዳዳ ዙሪያውን ለካ። ከመሃል የወጣበት መጠን 0.13 ሚሊ ሜትር ካለፈ ማስተካከል ግድ ነው። ካልሆነ አዲሱ ካምቢዮ በተገጠመ በጥቂት ወር የመግቢያ ኩሽኔታው መጮህ ይጀምራል፣ ሰውም "ያገለገለ ዕቃ ነው" ብሎ ይሸነግልሃል።

ስታስገባ ረጅም ሁለት ቡሎን ጭንቅላታቸውን ቆርጠህ መመሪያ አድርጋቸው፣ ካምቢዮውን በክሪክ ደግፍ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን በመግቢያው ዘንግ እንዲንጠለጠል አትተወው፤ ዲስኩ መሃሉ ላይ ይጣመማል፣ ከዚያ ፍሪሲዮን ረግጠህም ማርሽ አልገባ ይልሃል።

ባቢሌ 4ኬ፦

ያገለገለ ቲ50 ሲገዛ ዕቃው ደህና መሆኑ በምን ይታወቃል?

የከዚራ ጋራዥ፦

ዘይቱን አስፈስስና ጣትህ ላይ እሸው። ቢጫ የሚያብረቀርቅ ዱቄት የሲንክሮ ቀለበት (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው) ነው፣ ትንሽ ከሆነ አያስፈራም። ማግኔት የሚይዘው የብረት ቅርፊት ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ነው፣ እሱን ተወው። ዘይት የሌለው ካምቢዮ ከሆነ ደግሞ የምታነበው ነገር ስለማይኖር ሽፋኑን ሳታስከፍት አትግዛ።

እያንዳንዱን ማርሽ አስገብተህ የመግቢያውን ዘንግ በእጅ አዙር፤ ዝም ብሎ ይዙር፣ አራተኛ ላይ መግቢያውና መውጫው ዘንግ እኩል ይዙሩ። ሽፋኑ ከተከፈተልህ የሲንክሮ ቀለበቱን ኮኑ ላይ በጣትህ ተጭነህ ከማርሹ ጋር ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ ለካ፤ 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከደረሰ አልቋል። ፎርኬታና (ማርሹን የሚገፋው ሹካ) በሚገፋው እጅጌ መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ ማርሽ የሚዘል ካምቢዮ ነው የምትገዛው።

ለማንኛውም ከመግጠምህ በፊት የመግቢያውን ኩሽኔታ፣ ፓራሊዮዎቹንና ኮሎው ጫፍ ያለውን ትንሽ ኩሽኔታ ቀይር። ኩሽኔታ በስም አይገዛም፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከነመጨረሻው ፊደል ወስደህ ነው የምትገዛው። የእጅ ሥራውን ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይሻላል።

ድሬ ሴሊካ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ቲ50 ነው የምወስደው፣ መጀመሪያ ግን ካሊፐር ይዤ እሄዳለሁ። አንድ የቀረኝ ዘይቱ ነው። ለድሬ ሙቀት ወፍራሙን 140 አድርግ ያሉኝ አሉ።

ቶርኖ ሐረር፦

140 አታድርግ። ሲንክሮው የሚሠራው ቀለበቱ በኮኑ ላይ ያለውን ዘይት ገፍቶ ብረቱን ሲይዝ ነው። በጣም ወፍራም ዘይት ከሆነ ሳይገፋ ይቀራል፣ ጠዋት ሐረር ላይ ሁለተኛ ማርሽ አይገባልህም። 75ደብልዩ-90 ጂኤል-4 አድርግ (ጂኤል የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው)። ፋብሪካው ጂኤል-5ንም ይፈቅዳል፤ ሆኖም የጂኤል-5 ተጨማሪ ኬሚካል ለዲፍሬንሻል ጥርስ ታስቦ የበዛ ስለሆነ ላረጀ ቢጫ ቀለበት ጂኤል-4 ይሻለዋል። ዲፍሬንሻሉ ላይ ግን ጂኤል-5 ግድ ነው፣ አታቀያይራቸው።

መጠኑ 1.7 ሊትር አካባቢ ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ በመሙያው ቀዳዳ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይበቃዋል። አሮጌውን ከማፍሰስህ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፍታ፤ ለዓመታት ያልተፈታ ስለሆነ አልፈታ ሊልህ ይችላል፣ ዘይቱን ካፈሰስክ በኋላ ከሆነ መኪናው ቆመ ማለት ነው። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ አፍስሰህ ቀይረውና የወጣውን ዘይት እንደገና በጣትህ እየው።