አስቸኳይ፦ የልጄ ጽሑፍ ያለበት ፍላሽ አልከፈት አለኝ፤ ነገ ጠዋት ስለ ናሽናልስ ማቅረብ አለበት

የአሌክሳንድሪያዋ እናት
ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ነገ ቅዳሜ ጠዋት በአማርኛ ትምህርት ቤቱ የሚያቀርበው ጽሑፍ ያለው ፍላሽ ላይ ነው። አሁን ስሰካው ኮምፒውተሩ ፎርማት ላድርገው ወይ እያለ ይጠይቀኛል እንጂ ምንም አይከፍትም። ርዕሱ የዋሽንግተን ናሽናልስ የቤዝቦል ቡድን ታሪክና ታዋቂ ተጫዋቾች ነው። ልጁ ሲያለቅስ አምሽቶ ገና አሁን ተኛ። ፋይሉን ማውጣት ይቻላል? ካልተቻለ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ግን እኔ የማውቀው ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2005 መመሥረቱንና በ2019 ዋንጫ መብላቱን ብቻ ነው። የምታውቁ ተባበሩኝ፤ እባካችሁ ቶሎ።

ጠጋኙ
ፎርማት የሚለውን እንዳትነኪው! እምቢ በይውና ፍላሹን ንቀይው። ብዙ ጊዜ መረጃው እዚያው አለ፤ የተበላሸው ማውጫው ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ነው ወይስ ማክ? የተጻፈው በምን ፕሮግራም ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተውስ በዚሁ ኮምፒውተር ነው?

መዝገብ ያዥ
ይህ ጥያቄ እዚህ ተደጋግሞ ይመጣል፤ መልሱም ያው ነው። ፍላሽ ማመላለሻ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ማንኛውም የተደከመበት ጽሑፍ አንዱ በኮምፒውተሩ፣ አንዱ በኢሜይል፣ አንዱ በሌላ ዲስክ መቀመጥ አለበት። ልጆቻችንን ይህን ከጅምሩ ብናስተምራቸው ኖሮ በዚህ ሰዓት እናቶች ባላለቀሱ ነበር። ሳያስወጡ መንቀልም ሌላው ችግር ነው። ልጁ ሲጨርስ በትክክል አስወጥቶታል ወይስ ዝም ብሎ መዞ አወጣው? እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ልማድ ያስፈልጋል።

ብርሃን
በሌላ ቀዳዳ ሰክተሽ ሞክሪው። የእኔ እንዲሁ ብሎኝ በሌላኛው ጎን ስሰካው ተከፍቷል።

የሞንትሪያሉ
ስለ ፍላሹ ሌሎች ይንገሩሽ፤ እኔ ስለ ጽሑፉ ልናገር። ልጄ፣ ቡድኑ በ2005 ተመሠረተ ብለሽ እንዳትጽፊ። በ2005 ቤት ቀየረ እንጂ አልተወለደም። የተወለደው እኔ በምኖርበት ከተማ በ1969 ሞንትሪያል ኤክስፖስ ተብሎ ነው። ከአሜሪካ ውጭ የተቋቋመ የመጀመሪያው የሜጀር ሊግ (የቤዝቦል ከፍተኛው ሊግ) ቡድን እርሱ ነው። ስሙን ያገኘው ሞንትሪያል በ1967 ካስተናገደችው የዓለም ኤግዚቢሽን ነው። መጀመሪያ ጃሪ ፓርክ በሚባል ትንሽ ሜዳ ተጫወተ፤ በ1977 ወደ ኦሊምፒክ ስታዲየም ገባ። ያ ስታዲየም በ1976 አፍሪካውያን ከኦሊምፒኩ በመውጣታቸው የእኛው ምሩጽ ይፍጠር ሳይሮጥበት የቀረው ነው፤ ባለፍኩበት ቁጥር ይቆጨኛል።

ዋናው ቁጭት ግን 1994 ነው። ነሐሴ ላይ ኤክስፖስ 74 ጨዋታ አሸንፎ፣ 40 ብቻ ተሸንፎ፣ ከሁሉም ቡድኖች በላይ ተቀምጦ ነበር። የተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ተነሣና ውድድሩ እዚያው ላይ ቆመ፤ እስከ ሰባት ጨዋታ የሚሄደው የዋንጫ ፍልሚያ፣ ወርልድ ሲሪስም፣ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ደመወዛቸው የከበደ ተጫዋቾች ተራ በተራ ተሸኙ፤ ሕዝቡም ከስታዲየሙ ራቀ። ቡድኑ ዋሽንግተን የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ጋሪ ካርተር፣ አንድሬ ዶውሰን እና ቲም ሬይንስ ሦስቱም የኤክስፖስን ኮፍያ እንዳደረጉ በቤዝቦል የዝና አዳራሽ ተቀርጸዋል። ፔድሮ ማርቲኔዝ የመጀመሪያውን የሳይ ያንግ (የምርጥ ወርዋሪ) ሽልማት በ1997 የወሰደው እዚሁ ሆኖ ነው። ቭላዲሚር ጌሬሮም የተነሣው ከዚህ ነው። ልጁ እነዚህን ካልጠቀሰ ታሪኩ ግማሽ ነው።

የዲሲ ሾፌር
ጋሼ ትክክል ብለዋል፤ ነገር ግን ልጁ የሚኖረው እዚህ ነው፤ የዋሽንግተን ታሪክ ደግሞ ከሞንትሪያልም ይቀድማል። እህቴ፣ ይህን ያዢልኝ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለውን የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ታውቂዋለሽ፤ ከዘጠነኛው ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ነው። ሆስፒታሉ ከመሠራቱ በፊት በዚያ ቦታ ላይ ግሪፊዝ ስታዲየም ነበር። የድሮው የዋሽንግተን ሴናተርስ የሚጫወተው እዚያ ነው። በ1924 ወርልድ ሲሪስን ያሸነፈውም እዚያው ነው፤ ሰባተኛው ጨዋታ እስከ 12ኛው ኢኒንግ (ዙር፤ መደበኛው ዘጠኝ ነው) ተራዝሞ፣ የተመታችው ኳስ መሬት ነክታ በሦስተኛው ቤዝ ጠባቂ ራስ በላይ ነጥራ አለፈችና 4 ለ 3 ተጠናቀቀ። በመጨረሻዎቹ ኢኒንጎች ሲወረውር የነበረው ዋልተር ጆንሰን ነው፤ በ21 የውድድር ዓመታት 417 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው ነው።

ልጁ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በዚያው ሜዳ ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው የጥቁሮች ቡድን ይጫወት ነበር። ጥቁሮች ሜጀር ሊግ ውስጥ በማይገቡበት ዘመን ጆሽ ጊብሰን የሚባል ኳስ ያዢ ነበራቸው፤ መቺ ማለት እርሱ ነው። ጃኪ ሮቢንሰን በሚያዝያ 1947 የሜጀር ሊግን በር ለጥቁሮች ሲከፍት ጊብሰን ከጥቂት ወራት በፊት በጥር ሞቶ ነበር። በ2024 የጥቁሮች ሊጎች ውጤት ከሜጀር ሊግ መዝገብ ጋር ሲቀላቀል፣ በሕይወት ዘመን የመምታት አማካይ አንደኛ ሆኖ የተገኘው እርሱ ነው፤ 0.372። ዛሬ በናሽናልስ ፓርክ ሐውልቱ ከዋልተር ጆንሰን ሐውልት ጋር ቆሟል። ልጆቻችን በየቀኑ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ይህን የሚያህል ነገር መሆኑን ማንም አይነግራቸውም። እባክሽ ይህን አታስቀሪበት።

ሰላም ይሁን
ቅር እንዳይልሽ እንጂ በአማርኛ ትምህርት ቤት ስለ ቤዝቦል ማቅረብ ምን ይሉታል? አበበ ቢቂላ አለ፤ ደራርቱ አለች፤ ኃይሌ አለ። የራሳችንን ሳያውቁ የሰው ሲያወሩ ያድጋሉ።

የአሌክሳንድሪያዋ እናት
ወንድሜ፣ አበበን ባለፈው ዓመት አቅርቧል። ዘንድሮ መምህሩ የምትወዱትን ነገር በአማርኛ ተናገሩ ብለው ነው ያዘዙት። ልጄ ራሱ ቤዝቦል ይጫወታል፤ ጓንቱን ትራስ ሥር አድርጎ ነው የሚተኛው። የሚወደውን ነገር በአማርኛ ሲናገር መስማት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጠጋኙ፣ ዊንዶውስ ነው፤ የተጻፈው በወርድ ነው፤ ፎቶዎችም አሉበት። ሌላ ቀዳዳ ሞክሬያለሁ፤ ያው ነው። ትናንት ማታ በዚሁ ኮምፒውተር ተከፍቶ ነበር። ቡድኑ ግን በ2005 እንደተመሠረተ ነበር የማውቀው፤ ሴናተርስ የሚባለውስ የት ሄደ?

ብርሃን
አንድ ጊዜ በሌላ ኮምፒውተር ላይም ሰክተሽ እዪው። ቀዳዳውንም እንደገና።

የዲሲ ሾፌር
ሁለት ጊዜ ሄዷል። የመጀመሪያው ሴናተርስ ከ1960 በኋላ ወደ ሚኒሶታ ሄዶ ትዊንስ ሆነ። በምትኩ ሌላ ሴናተርስ ተቋቋመ፤ እርሱም ከ1971 በኋላ ወደ ቴክሳስ ሄዶ ሬንጀርስ ሆነ። የመጨረሻው ማታ ጨዋታ በአርኤፍኬ ስታዲየም ከያንኪስ ጋር ነበር። ዋሽንግተን 7 ለ 5 እየመራ አንድ ሰው ብቻ ማስወጣት ሲቀረው፣ የተናደደው ተመልካች ሜዳውን ወረረው። የቤዝ ንጣፉን የሚነቅል፣ ሣሩን የሚቆርጥ በዛና ጨዋታው ለያንኪስ በፎርፌ ተሰጠ። ከዚያ ለ33 የውድድር ዓመታት ዋና ከተማዋ የራሷ ቡድን አልነበራትም። ናሽናልስ በሚያዝያ 2005 በሜዳው የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በዚያው አርኤፍኬ ነው፤ አሪዞናን 5 ለ 3 አሸነፈ።

ጠጋኙ
ትናንት በዚሁ ኮምፒውተር ከተከፈተ ተስፋ አለ። በቅደም ተከተል ሥሪ። መጀመሪያ ፍላሹን ሳትሰኪ ወርድን ክፈቺ፤ ፋይል የሚለውን፣ ከዚያ መረጃ የሚለውን፣ ከዚያ ያልተቀመጡ ሰነዶችን መልስ የሚለውን ንኪ። ወርድ በሥራ ላይ እያለ በየጥቂት ደቂቃው በኮምፒውተሩ ላይ ጊዜያዊ ቅጂ ያስቀምጣል። ከዚያ ካጣሽ በኮምፒውተሩ ፍለጋ ላይ ኮከብ ምልክት፣ ነጥብ፣ ከዚያ የእንግሊዝኛ ፊደላት ኤ፣ ኤስ፣ ዲ ብለሽ ፈልጊ።

ያም ካልሆነ ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አውርጂ። ማውጫውን አይፈልግም፤ ፍላሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንብቦ የወርድ ፋይሎችንና ፎቶዎችን ለይቶ ያወጣል። የፋይሎቹ ስም ስለሚጠፋ እየከፈትሽ መለየት ይኖርብሻል። የሚወጣውን ግን መልሰሽ በዚያው ፍላሽ ላይ አታስቀምጪ፤ ዴስክቶፕ ላይ ይሁን። ፍላሹን ላስተካክል የሚል ሌላ ነገር ሁሉ ለጊዜው እምቢ በይ፤ ከጽሑፉ በፊት ጥገና አይነካም።

መዝገብ ያዥ
ጠጋኙ ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

መምህርት ከሜሪላንድ
የቅዳሜ ክፍል አስተምራለሁ። እህቴ፣ ፋይሉ ባይገኝም አትጨነቂ፤ ልጁ በቃሉ የሚያውቀው ብዙ ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ ጠይቂው፤ ሲነግርሽ አንቺ ጻፊው። ከ1924 እስከ ዛሬ ሁሉንም ለማስገባት አትሞክሩ። አንድ ጨዋታ መርጦ በደንብ ቢተርክ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ይሰማዋል። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ፤ ናሽናልስ ዋንጫውን ያነሣው ጥቅምት 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው።

ቁጥር 37 ደጋፊ
መምህርት ካሉ እንግዲህ ያ አንድ ጨዋታ ይኸው። 2019፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30፣ ሂዩስተን፣ ሰባተኛው ጨዋታ። ከዚያ በፊት ግን ግንቦትን ይጥቀስ፤ ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር፤ ብዙዎች አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር ሲሉ ነበር። ዓመቱን በ93 ድል ጨረሰ። ከሚልዋኪ ጋር ያለችዋን አንድ የሞት ሽረት ጨዋታ 3 ለ 1 እየተመራ በስምንተኛው ኢኒንግ ሁዋን ሶቶ መታ፤ ኳሷ በቀኝ ሜዳ ተከላካዩ ጓንት አመለጠች፤ ሦስት ሰዎች ገቡ። ከዚያ ዶጀርስን በአሥረኛው ኢኒንግ የሃዊ ኬንድሪክ ግራንድ ስላም (አራት ነጥብ የሚያስገኝ ምት) ጣላቸው። ሴንት ሉዊስን አራት ለባዶ።

ሰባተኛው ጨዋታ ላይ የሚወረውረው ማክስ ሸርዘር ነበር። ከሦስት ቀን በፊት አንገቱ ደርቆ እጁን ማንሣት አቅቶት ነበር፤ መርፌ ተወግቶ ነው የወጣው። የሂዩስተኖቹ አስትሮስ 2 ለ 0 እየመሩ ሰባተኛው ኢኒንግ ደረሰ። አንተኒ ሬንዶን ሆም ራን (ኳሷን ከአጥሩ ውጭ የሚያወጣ ምት) መታ፤ 2 ለ 1። ሶቶ በነጻ ወደ አንደኛው ቤዝ አለፈ። አስትሮስ ወርዋሪ ቀየሩ። ኬንድሪክ ዝቅ ብላ ወደ ውጪ የሄደችውን ኳስ ተከትሎ ወደ ቀኝ አሻገራት፤ ኳሷ በቢጫው የዳር ምሰሶ ላይ ጓ ብላ ነጠረች። ምሰሶውን ከነካች በመስመሩ ውስጥ እንደወጣች ይቆጠራል፤ ሆም ራን ነው፤ ሶቶም አብሮ ገባ። 3 ለ 2። መጨረሻው 6 ለ 2 ሆነ። በዚያ ወርልድ ሲሪስ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ስቲቨን ስትራስበርግ ተባለ። ሶቶ ደግሞ በዚያው ሳምንት 21 ዓመት የሞላው ልጅ ነበር።

ተጫዋቾች ከፈለገ ብራይስ ሃርፐር በ2015 የሊጉ ኮከብ ሆኖ በ2019 መጀመሪያ ወደ ፊላደልፊያ መሄዱን ያንሣ፤ ቡድኑ ዋንጫ የበላው እርሱ በሄደበት ዓመት ነው። ሸርዘርም በ2016 በአንድ ጨዋታ 20 ሰው በስትራይክ አውት ማስወጣቱን አይርሳ።

የሞንትሪያሉ
ይህን ጨዋታ እኔም እስከ ሌሊት አይቼዋለሁ። ከኤክስፖስ ዘመን ጀምሮ የጠበቅነው ዋንጫ ነው፤ ሌላ ከተማ ቢነሣም።

ሰላም ይሁን
እናቲቱ የመለሱትን አነበብኩ። ልጁ አበበን ካቀረበ ሌላ የምለው የለኝም። ሲያለቅስ ማምሸቱ ግን አሳዝኖኛል። በናሽናልስ ፓርክ በየጨዋታው የፕሬዚዳንቶች ሩጫ አለ አይደል? የፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትን ትልቅ ጭንቅላት ለብሶ የሚሮጠው ቴዲ ከ2006 ጀምሮ ሲሸነፍ ኖሮ በ2012 የውድድሩ መዝጊያ ቀን አሸነፈ። ጠዋት ሲነሣ ይህን ንገሩት።

ብርሃን
ፎቶሬክ ሲፈልግ ሰዓት ይወስዳል፤ ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ ቻርጀሩን ሰክተሽ ተዪው።

ቁጥር 37 ደጋፊ
ፎቶ እንደገና ስትፈልጉ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ዚመርማን የሚባሉ ሁለት ናቸው። ራያን ዚመርማን ቡድኑ በ2005 ዋሽንግተን እንደመጣ መጀመሪያ የመረጠው፣ በመጋቢት 2008 ናሽናልስ ፓርክ ሲከፈት በመጨረሻው ኢኒንግ ሆም ራን መትቶ ያሸነፈላቸው፣ 11 ቁጥሩ በ2022 በክብር የተሰቀለለት ነው። ጆርዳን ዚመርማን ወርዋሪ ነው፤ በ2014 የመጨረሻ ቀን አንድም ምት ሳይሰጥ ጨርሷል። በዚያ ጨዋታ የመጨረሻዋን ኳስ በግራ ሜዳ ተወርውሮ የያዘው ስቲቨን ሱዛ ነው። መለያው ላይ 11 ካለ ራያን ነው፤ 27 ካለ ጆርዳን ነው።